ዶሮ በእንጉዳይ ቀለል ሲል፦ ከሊዮን የመጣ ጥያቄና 33 መልሶቹ

ጥያቄውን የጻፈችው ፈረንሳይ፣ ሊዮን የምትኖር እህት ናት። ቤቷ እሁድ ማታ ዶሮ በእንጉዳይና በክሬም ይበላል። አሠራሯን ሳትደብቅ ዘርዝራለች። ከነቆዳው 8 ታፋ፣ 50 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 500 ግራም ነጭ እንጉዳይ፣ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን፣ 40 ሴንቲ ሊትር ክሬም። ለአራት ሰው ነው። በቅርቡ ባለቤቷ ተመርምሮ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ቅቤና ክሬም ቀንስ አለው። እሷም ክሬሙን 15 በመቶ ስብ ባለው ላይት ክሬም ቀየረችው። ሶሱ ድስቱ ውስጥ ተበታተነ። ውሃው ለብቻ፣ ነጭ ፍርፋሪው ለብቻ ሆነ። ጣዕሙም ጠፋ። እናም የፈረንሳይ ምግብ ያለ ብዙ ክሬም አይሆንም ብላ ደመደመች። መላ ያለው ካለ ይንገረኝ፣ ከሌለ ይህን እራት ከቤታችን ላውጣው ብላ ጠየቀች።

33 መልስ መጣላት። ሁሉንም አንብቤያለሁ። እዚህ የማወራችሁ በራሴ አነጋገር ነው። ፍሬ ያለው ላይ እቆያለሁ፣ ሌላውን አልፈዋለሁ።

መልስ 1 ከፓሪስ ነው፣ ጨዋ መልስ። ጸሐፊው ለባለቤቷ ምሕረት ከተመኘ በኋላ ክሬም የማይገባበት የፈረንሳይ ዶሮ በእንጉዳይ እንዳለ አስታወሳት። ፑሌ ሻሰር ይባላል። እንጉዳይ፣ ሻሎት የሚባለው ትንሽ ሽንኩርት፣ ነጭ ወይን፣ ቲማቲም፣ በመጨረሻ ኤስትራጎን የሚባል ትኩስ ቅጠል። ጥሩ ምግብ ነው። ሴትዮዋ የፈለገችው ግን ነጩን ሶስ ነው።

መልስ 2 ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ክሬም የሚገባበት ሁሉ የግሪክ እርጎ ታደርጋለች። በክሬሙ ልክ እርጎ አድርጊ፣ አለቀ ትላለች። መልስ 3 ወዲያው ተነሳባት። ብራስልስ የሚኖር፣ ስለ ምግብ ሳይንስ ደህና የሚያውቅ ሰው ነው። እርጎ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ስቡ ጥቂት ነው አለ። ወይን ያለበት የፈላ ሶስ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱና አሲዱ ተባብረው ፕሮቲኑን ያረጉታል። የጠያቂዋ ላይት ክሬምም የተበታተነው በዚሁ ነው። 30 በመቶና ከዚያ በላይ ስብ ያለው ክሬም ፍሬሽ ግን ቢፈላም ይችላል፣ ስቡ ፕሮቲኑን ይጋርደዋል። እርጎ የግድ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በርዞ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ መጨመር ነው። ትምህርቱ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ሻካራ ነበር፣ ሴትዮዋን ድስት ነክታ እንደማታውቅ አድርጎ ነው የተናገራት። እሷም በመልስ 4 ተመልሳ፣ ወይን ስለማትጨምር የእሷ እርጎ ተበታትኖ እንደማያውቅ ነገረችው። ይህም እውነት ሊሆን ይችላል፤ አሲዱ ሲቀንስ እርጎው ይታገሳል።

መልስ 5ን ወድጄዋለሁ። ጄኔቫ ያለች የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፣ ያለ ክርክር ሒሳብ ብቻ ሠራች። 40 ሴንቲ ሊትር 30 በመቶ ክሬም ውስጥ 120 ግራም ገደማ ስብ አለ። 50 ግራም ቅቤ ውስጥ 41 ግራም። ለአራት ሲካፈል ዶሮው ራሱ ሳይቆጠር በሰው 40 ግራም ይደርሳል። አሁን ላይት ክሬም ይሁን እንበል፤ 40 ሴንቲ ሊትሩ 60 ግራም ስብ አለው። እውነተኛው ክሬም በ10 ሴንቲ ሊትር ብቻ ቢገባ ግን 30 ግራም ነው። ማለትም ጥቂት ወፍራም ክሬም ከብዙ ቀጭን ክሬም በግማሽ ይቀላል፣ ደግሞም አይበታተንም። ቅቤው በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከተተካ የአንድ ሰው ድርሻ ወደ 11 ግራም ይወርዳል። ይህን ያነበበ ሰው ላይት የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ዕቃ ከመደርደሪያ አያነሳም።

ቀሪው ጥያቄ ክሬሙ ከ40 ወደ 10 ሲወርድ የጎደለውን ጣዕምና ውፍረት ምን ይሞላዋል የሚለው ነው። እሱን የመለሰው መልስ 6 ነው። ለእኔ ይህ የጥያቄና መልስ ክር የሚነበበው ስለዚህ መልስ ነው።

ጸሐፊው ዲጆን ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት በአብሳይነት የሚሠራ ወንድም ነው። ክሬሙን እርሱት፣ መጀመሪያ እንጉዳዩን አስተካክሉ ይላል። እንጉዳይ 92 በመቶው ውሃ ነው። ከ500 ግራሙ 460 ግራም ገደማው መሆኑ ነው። ይህ ውሃ ዶሮው ድስት ውስጥ ከወጣ ሶሱን ያቀጥነዋል፣ ሶሱ ሲቀጥን ሰው ክሬም ይጨምራል። ስለዚህ እንጉዳዩ ለብቻው፣ በሰፊ መጥበሻ፣ በኃይለኛ እሳት ይሠራል። መጥበሻው ትንሽ ከሆነ ሁለት ጊዜ ከፍሎ። ሲጀመር ዘይት የለም። ቆንጠር ያለ ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ብቻ። እንጉዳዩ ሟሽሾ ውሃውን ይለቃል፣ ውሃው ተንኖ ያልቃል። መጥበሻው መንጫጫት ሲጀምር ያኔ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይገባል። ጥሬ እንጉዳይ የሰጡትን ዘይት ሁሉ ይጠጣል፣ ከሟሸሸ በኋላ ግን ብዙ አይጠጣም። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ሳያማስሉ ደህና ቡናማ እስኪሆን መተው። እንጉዳይ በእሳት ብዛት እንደ ሥጋ አይደርቅም፣ እንደ አትክልትም አይፈርስም፣ ስለዚህ አትፍሩት ይላል።

ዶሮው ደግሞ እንዲህ ነው። ታፋውን በወረቀት ማድረቅ። ቆዳውን ወደ ታች አድርጎ ገና ባልሞቀ ድስት ላይ መደርደር፣ ከዚያ እሳቱን መለኮስ። ስቡ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቆዳው ይቀላል። የወጣውን ስብ ከድስቱ መገልበጥ፣ አንድ ማንኪያ ያህል ብቻ ማስቀረት። በዚያው ስብ ደቆ የተከተፈ ሻሎት ለስለስ ይበል። ከዚያ 15 ሴንቲ ሊትር ነጭ ወይን አፍስሶ፣ ከድስቱ ስር የያዘውን ቡናማ በእንጨት ማማሰያ ፍቆ ማንሳት። የሶሱ ቀለምም ጣዕምም ያለው እዚያ ነው። ወይኑ በግማሽ ሲጎድል 25 ሴንቲ ሊትር ጨው የሌለው የዶሮ መረቅና ትንሽ ጦስኝ፣ ክዳን፣ 25 ደቂቃ በመጠነኛ እሳት። ዶሮውን አውጥቶ ሶሱን ያለ ክዳን ማስመጠጥ። አሁን ዋናው ብልሃት መጣ። ከተጠበሰው እንጉዳይ አንድ እፍኝ ከሶሱ ጋር በብሌንደር ፈጭቶ ወደ ድስቱ መመለስ። ሶሱ ያለ ዱቄት ይወፍራል። በመጨረሻ 10 ሴንቲ ሊትር ክሬም ፍሬሽ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዲጆን ሰናፍጭ፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ፣ የቀረው እንጉዳይና ዶሮው። የባለቤቷ ድርሻ ሲቀርብ ቆዳው ይገፈፍለት፣ ጣዕሙን ለድስቱ ሰጥቶ ጨርሷል ይላል። የታፋ ስብ አብዛኛው ቆዳው ውስጥና ከቆዳው ሥር ስለሆነ ምክሩ ትክክል ነው።

መልስ 7 ምስጋና ነው። መልስ 8 እንጉዳይ በውሃ አይነካም፣ በጨርቅ ይጠረጋል አለ። መልስ 9 ፈጥኖ ማለቅለቅ ምንም እንደማያደርግ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት ብቻ እንደሚከፋ ጻፈ። ውሃውን መጥበሻ ላይ ልናባርረው አይደል? እኔ የመልስ 9 ወገን ነኝ።

ከዚያ መልስ 10 መጣና ክሩ ጋለ። ሮም የሚኖሩ እናት ናቸው። አብሳዩ ዶሮውን በወረቀት አድርቁ ሲል እጠቡ አለማለቱ አስደንግጧቸዋል። ዶሮ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ተደጋግሞ ካልተለቀለቀ አይበላም አሉ። አብሳዩ በመልስ 11 ምግብ ቤታቸው ውስጥ ጥሬ ዶሮ ማጠብ ክልክል መሆኑን በአጭሩ ጻፈ። ማጠሩ ይሆን እንጃ፣ መልስ 12 እና 13 ተቆጡ። አንደኛው የፈረንጅን ስንፍና አመጣህብን አለው። ሌላው እናቱ ያሳደገችውን እጅ ረስቷል እስከማለት ደረሰ። ይህ ከልክ ያለፈ ነበር፣ ወንድማችን የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

ነገሩን ያረጋጋችው ስቶክሆልም ያለች ነርስ ናት፣ መልስ 14። ሮም ላሉት እናት እትዬ እያለች በአክብሮት ጻፈች። ጥሬ ዶሮ ላይ ካምፒሎባክተር የሚባል ተህዋስ በብዛት ይገኛል፣ አውሮፓ ውስጥ ተቅማጥ ከሚያመጡት ዋነኛው ነው። ቧንቧ ሲከፈትበት ጠብታው ገንዳው ላይ፣ ሳህኑ ላይ፣ ለሰላጣ የተቀመጠው ላይ ይረጫል። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ሕዝቡ ዶሮ ማጠብ እንዲያቆም ዘመቻ የከፈተው ለዚህ ነው። ተህዋሱን የሚገድለው እሳት ነው፣ የሥጋው ውስጥ 74 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች፣ በጣም ልክ የሆነ። አገር ቤት ዶሮው ግቢ ውስጥ ይታረዳል፣ ላባው ይነጫል፣ በእሳት ይለበለባል፣ ሆድ ዕቃው እዚያው ይወጣል። ያ ዶሮ መታጠብ ነበረበት። የሱፐርማርኬቱ ዶሮ ግን ተጸድቶ ነው የሚታሸገው። ሎሚውን ካልተዉት ቧንቧ ሳይከፍቱ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይሹት፣ ከዚያ በደንብ ያድርቁት፣ ገንዳውንም በሳሙና ይጠቡት አለቻቸው። እትዬም በመልስ 15 መርቀዋት፣ ለዶሮ ወጥ ግን እንደማይለወጡ አሳወቁ። የረጠበ ዶሮ ቆዳው እንደማይቀላ ማንም አላነሳም፤ ለዚህ እራት ግን ይህ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው።

መልስ 16 ከዱባይ ነው። ሙስሊም እህት ናት፣ ወይኑን ምን ይተካዋል ብላ ጠየቀች። መልስ 17 አልኮሉ በእሳት ተንኖ ስለሚያልቅ አትጨነቂ አላት። መልስ 18 በቁጣ አረመው፣ ቁጣውም ተገቢ ይመስለኛል፤ የሰው ሃይማኖት ላይ በግምት አይመከርም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ እንደሚለው 30 ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ ከአልኮሉ 35 በመቶ ገደማ ይቀራል። ከአንድ ሰዓት በኋላም ሩቡ አለ። ስለዚህ ወይን የገባበት ምግብ ወይን ያለበት ምግብ ነው። ምትኩን የሰጠችው መልስ 19 ናት፣ ኖርማንዲ የኖረች። እዚያ ዶሮና እንጉዳይ ሲደር በሚባል የፖም መጠጥ ይሠራል፣ ሲደሩም አልኮል አለው። እሷ ግን ያልፈላ የፖም ጭማቂ ሦስት እጅ፣ አቸቶ አንድ እጅ ብላ ሰጠች፣ አቸቶው ከወይን እንዳይሆን የሚፈልግ ደግሞ ሎሚ ያድርግበት አለች። ጣፋጩ እንዳይበዛ መረቁን ከፍ ማድረግ ነው።

በመልስ 20 አንዲት እህት ይህ ሁሉ በጾም ምን ይሆናል ብላ ክሩን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደችው። መልሱ ቀላል ነበር። ዶሮውን ትቶ እንጉዳዩን እጥፍ ማድረግ፣ መረቁን ከአትክልት፣ ውፍረቱን ከተፈጨው እንጉዳይ። መልስ 21 ለጾሙ ደረቅ የሴፕ እንጉዳይ 10 ግራም በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ውሃውን አጥልሎ ሶሱ ውስጥ መጨመርን መከረ። ሥጋ የሌለበትን ድስት ሥጋ እንዳለበት የሚያደርግ ውሃ ነው። ለዶሮውም ይሆናል። ይኸው ሰው የአበሻ ሽንኩርት የምንለው ትንሹ ቀይ ሽንኩርት የሻሎት ወገን መሆኑን አስታወሰ። አዲስ አበባ ሆኖ ይህን የሚሠራ ሰው ሻሎት ፍለጋ መንከራተት የለበትም።

መልስ 22 ላይ አንድ ወጣት እንጉዳይ መግዛት ትቶ ፎንቴንብሎ ጫካ እንደሚለቅም ጻፈ፣ በስልኩ ፎቶ እያነሳ እየለየ። ሦስት ሰው ተከታትሎ ጮኸበት። ከሦስቱ መልስ 24 ዋጋ አለው። አማኒታ ፋሎይድስ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይ አውሮፓ ጫካ ውስጥ አለ፣ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። ሕመሙ የሚጀምረው ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው። ያኔ ጉበት ተነክቷል። ፈረንሳይ ውስጥ ፋርማሲስቶች እንጉዳይ መለየት ይማራሉ፣ የለቀሙትን ይዞ ሄዶ ማሳየት የተለመደ ነው። መልስ 25 ደግሞ እኛም አገር የጅብ ጥላ እየተባልን ያደግነው በከንቱ አይደለም አለ። ወጣቱ አልመለሰም። እንደሰማ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ምግቡ የመለሰን መልስ 26 ነው። ጠያቂዋ መጀመሪያ የደመደመችውን ነገር የነካው እሱ ብቻ ነው፣ ጥያቄውን በሥርዓት ያነበበ ሰው ነው። ክሬም የፈረንሳይ ሁሉ አይደለም አላት። ክሬሙ የኖርማንዲና የእሷ ጎረቤት የብረስ ነው፤ ብረስ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ዶሮ ያለበት አካባቢ ነው። ፕሮቫንስ በወይራ ዘይት ይሠራል፣ ባስኮች በቃሪያና በቲማቲም። ቀለል ያለ ምግብም ቢሆን ራሳቸው ፈረንሳዮች ያከበሩት ነው። ታዋቂው አብሳይ ሚሼል ጌራር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢዩጄኒ ሌ ባን በምትባል የፍልውሃ መንደር ለክብደት ቅነሳ ለሚመጡ እንግዶች ምግብ ሲያዘጋጅ፣ ሶሱን በዱቄትና በቅቤ ማወፈር ትቶ በተፈጨ አትክልት ያወፍር ነበር። የዲጆኑ ወንድም አንድ እፍኝ እንጉዳይ ፍጩ ማለቱም ከዚያ የመጣ ነው። እንጉዳዩም እንዲሁ አገሩን ይዞ የመጣ ነው፣ ነጩ እንጉዳይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ሥር ባሉ የድንጋይ መፈልፈያ ዋሻዎች በብዛት ይመረት ነበር፣ በኋላ ሎዋር ወንዝ ላይ ወዳለችው ሶሙር ዋሻዎች ሄደ። ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ክሬም መቀነስን እንደ ቅጣት ለሚያይ ሰው ሁሉ ቢደርሰው ደስ ይለኛል።

ጠያቂዋ በመልስ 27 ብቅ አለች። ሠርታዋለች። ባሏ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎታል፣ ልጆቹ እንጉዳዩን ተሻምተዋል። ሶሱ ግን ቀጥኖባታል። አብሳዩ በመልስ 28 ድስቷ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ጠየቃት። ጠባብና ጥልቅ ነው። ውሃ የሚተነው በላዩ ስፋት ልክ ነው፣ ሶሱን ሰፊ መጥበሻ ላይ ገልብጠሽ አስመጥጪ አላት። ማንኪያውን ስትነክሪ ጀርባውን ከሸፈነው በቃ፣ ክሬሙ ከዚያ በኋላ ይግባ። መረቁ ጨው ያለው ኩብ ከሆነ ግን ሲመጥ ጨው ይሆናል፣ ተጠንቀቂ።

መልስ 29 በርበሬ ጨምሬበት በእንጀራ በላሁት ብሎ ጻፈ። መልስ 30 ይህ ምግቡን ማበላሸት ነው ብሎ ተቆጣ። እኔ ማንም በቤቱ የፈለገውን ይጨምር ባይ ነኝ፣ ኤስትራጎንና በርበሬ ግን አብረው አይሄዱም። አንዱን መምረጥ ይሻላል። ከጎኑ ሩዝ ወይም የተቀቀለ ድንች በቂ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሦስት መልሶች ስለ ተረፈው ናቸው። መልስ 31 ሳምንቱን ሙሉ የምትሠራ እናት ናት፣ አብዝታ ሠርታ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። መልስ 32 ይቻላል አላት፣ ግን ክሬሙ ከመግባቱ በፊት ያለውን ነው የምታስቀምጪው። ክሬም ያለበት ሶስ በረዶ ሆኖ ሲሟሟ ይለያያል። ዶሮው፣ እንጉዳዩና የተፈጨው ሶስ አብረው ይቀመጡ፣ ክሬሙና ሰናፍጩ በምትበሉበት ቀን ሲሞቅ ይጨመሩ። መልስ 33 ነርሷ ናት። ማስቀመጫው ጥልቅ አይሁን፣ ጠፍጣፋ ዕቃ ቶሎ ይበርዳል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ ሲሞቅም እስኪፈላ ይሙቅ አለቻት።